የግድግዳው ልክ

እናቴ ስፌቶቿን ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ስታወርድ፣ እኔ ሜትር ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 68። ለ55 ኢንች ቴሌቪዥን የሚበቃ ባዶ ግድግዳ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። በሐረሪ ቤት ባዶ ግድግዳ ወግም አይደለም፤ ከደጅ የገባ እንግዳ ነደባ የምንለው መደብ ላይ ከመቀመጡ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ፊት ለፊት በተደረደሩት ሳህኖችና ስፌቶች ላይ ነው። የእናቴ ስፌቶች ደግሞ የተገዙ አይደሉም። ግማሾቹን ልጃገረድ ሳለች፣ ግማሾቹን እኛን እያሳደገች በአለላ የሰፋቻቸው ናቸው። «የትኛውን ላውርድ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሁሉንም አውርጂው» አልኳት።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። 17 ዓመት ሙሉ ልጆችን የማስተምረው፣ ከመደምደማችሁ በፊት ለኩ እያልኩ ነው። ያን ቀን የለካሁት ግን ግድግዳውን ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዲሽ ነው። ጣራችን ላይ ያለው ዲሽ ለዓመታት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት የዞረ ነበር። እናቴ ከዚያ ሁሉ ቻናል የምትፈልገው አንዱን ብቻ ነው፤ ከመካው ሐረም ሌሊትና ቀን በቀጥታ የሚያስተላልፈውን የሳዑዲ ቻናል። በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጁገል፣ 82 መስጊድ አለው፤ ለቤታችን ቅርብ የሆነው ከ50 እርምጃ አይርቅም። እናቴ ግን ጉልበቷን ስትታመም ያ 50 እርምጃ የድንጋይ ቁልቁለት ሆነባት። ስለዚህ ከሱብሂ በኋላ የቡና ቅጠሏን፣ ቁጢዋን አፍልታ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ካዕባን የሚዞረውን ሰው ታያለች። ሰዓታችን ከመካ ሰዓት ጋር አንድ ነው። በካርታ ላይም መካና ሐረር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲለኩ የሚራራቁት ሁለት ዲግሪ ያህል ቢሆን ነው። እዚያ ሲመሽ እዚህም ይመሻል። ለእሷ ያ ቻናል እንደ ሌላው የሚታይ ነገር አልነበረም፤ መሄጃዋ ነበር።

ከዚያ የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ተዛወሩ። አዲሱ ሳተላይት ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የሰፈሩ ጣራ ሁሉ ዲሹን አዞረ፤ እኛም አዞርን። ዜናውም ድራማውም ጥርት ብሎ መጣ፣ መካ ጠፋ። «መካዬስ?» አለች። «እናመጣልሻለን ኡሚ» አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ ሁለት ረመዳን አለፈ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። መፍትሔውን አውቀው ነበር። ናይልሳት ከዜሮው መስመር በስተምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ፣ ኢትዮሳት በስተምሥራቅ 57 ላይ ስለሆነ 64 ዲግሪ ይራራቃሉ። ይህን ያህል የተራራቁ ሳተላይቶችን አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (የሲግናል መቀበያ) አስሮ መያዝ አይቻልም። የሚያስፈልገው ሁለተኛ ዲሽ፣ ሁለቱን የሚያቀያይር አንድ ዳይሴክ ስዊችና ጥቂት ሜትር ኬብል ነው። ለዲሽ ሠራተኛው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አላሠራሁትም፤ ምክንያቱም በዚያው ጊዜ ስማርት ቲቪ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። በመምህራን ክፍላችን ሁለት ሰው ገዝቷል። ዩቲዩብን በሰፊው ስክሪን ማየት፣ ፊልም መርጦ ማየት፣ በድምፅ ማዘዝ፣ ይህን ሁሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። ፈለግሁት። መፈለጌን ደግሞ ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። «ለኡሚ መካን በዩቲዩብ በቀጥታ እከፍትላታለሁ» አልኩ። ቶሮንቶ ያለችው እህቴም ይህን ስትሰማ «በርቺ፣ ግማሹን እኔ እልካለሁ፤ በዚያውም እኔን በትልቁ ታየኛለች» አለች። የእናቴን መካ የራሴን ምኞት መሸፈኛ አደረግሁት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡ አይደለም።

ገንዘቡም ግን ቀላል አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በየሳምንቱ ሲነሳ ያየ ሰው፣ የማያስፈልገውንም ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አልደርስበትም ይላል። እኔም አልኩ። የእህቴን ብር፣ የደረሰኝን እቁብና የቆጠብኩትን ደምሬ ከስድስት ወር ደሞዜ በላይ አወጣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ባለሱቁ ሐቀኛ ሰው ነበር። «ቤታችሁ ኢንተርኔት አለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁትና «አለ» አልኩት። እሱ ስለ ቤቱ ነበር የጠየቀኝ፤ እኔ ስለ ኪሴ መለስኩለት።

መኪናው ፈረስ መጋላ ድረስ አደረሰን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ተሸካሚው ሣጥኑን በጎኑ አዝሎ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወረደ፤ የልብስ ሰፊዎቹ መኪናዎች ድምፅ በአንዴ ጋብ ያለ መሰለኝ። ጊደር መጋላ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ቅመም የሚሸጡት፣ አትክልት ዘርግተው የተቀመጡት፣ ሥጋ ቤቱ ዘንድ ጭልፊት እንዳይነጥቃቸው ወደ ሰማይ የሚያዩት፣ ሁሉም ዞረው አዩ። «ስንት ኢንች ነው?» አለ አንዱ። «55» አልኩ፣ እኔን ባይጠይቀኝም። «አቦ፣ ይሄማ ሲኒማ ነው!» አለ። ደስ አለኝ። የሰው ዓይን በእኔ ላይ ማረፉ ደስ አለኝ። ቁጢ የምንገዛባት እናት ግን ከመደቧ ሳትነሳ «ኡሚሽ ደህና ናት? ምነው ጠፋች?» አለችኝ። ሰላም ብያት አለፍኩ።

ግድግዳው አልቀበል አለ። የድሮ የጁገል ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከግማሽ ሜትር ይወፍራል፤ ላዩ ላይ በየዓመቱ የተቀባው ቀለም ተደራርቦበታል። ድሪሉ ሲገባ ፊሸር የሚይዝ ነገር አላገኘም። አንዴ ድንጋይ፣ አንዴ አፈር ነው። ልስኑ እንደ እንጀራ ተገሽልጦ ወደቀ። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሠራተኛው እጁን አነሳና «መምህርት፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ» አለኝ። ስፌቶቹ በአንሶላ ተጠቅልለው ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው አራት ቀዳዳና አንድ ትልቅ የተላጠ ቦታ ይዞ ቀረ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። መጥረጊያ አምጥታ የወደቀውን ጠረገች።

ያ ወፍራም ግድግዳ ሌላም ሥራ አለው። የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ አያስገባም፤ የስልክ ሞገድንም እንዲሁ። ጣራው ላይ ስልኬ አራት መስመር ሲግናል ያሳያል፣ ነደባው ላይ አንድ፣ አንዳንዴም ምንም። ሞገድ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱን እንደሚያጣ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ስዬዋለሁ! የቤት መስመር ኢንተርኔት ስላልነበረን ስልኬን በፎቁ መስኮት ላይ አስቀምጬ በሆትስፖት አገናኘሁት። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ስልኬ አብሮኝ ይሄዳል፤ መካም ከእኔ ጋር ይሄዳል። እናቴ መካን የምትፈልገው ግን ልክ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ስልክና ሁለተኛ ሲም ገዛሁ። ከዚያ ዳታው መጣ። ቪዲዮ በኤችዲ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ ጥራቱ ሲወርድ ወደ 1 ጊጋ ይጠጋል። ለአንድ ፊልም ሁለት ሰዓት ነው፣ ያልቃል። የመካ ሥርጭት ግን አያልቅም። እናቴ ከሱብሂ እስከ ዙህር፣ ከአስር እስከ ዒሻ፣ በትንሹ በቀን 8 ሰዓት ትከፍተዋለች። በኤችዲ ቢሆን በቀን 24 ጊጋ፣ በወር 720። በዝቅተኛውም ቢሆን በወር 240 ጊጋ ነው። ይህን ስሌት የሠራሁት ቴሌቪዥኑ ቤት ከገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ የፈተናው ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ማባዛት ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ልሠራው እችል ነበር።

የእህቴም ምኞት አልሆነም። አብዛኛው ስማርት ቲቪ ካሜራ የለውም። እህቴን በትልቁ ስክሪን ልናያት እንችል ይሆናል፤ እሷ ግን እኛን የምታየው በስልክ ነው። ዞሮ ዞሮ በፊት ከነበርንበት አልተነቃነቅንም፤ እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታወራለች።

እንዲህ እያልን ረመዳን ገባ። እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይህን አንድ ወር የፈለገውን ያህል ዳታ ይብላ፣ እሞላለሁ። መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ ሲመጣ ስታቢላይዘሩ ተንጫጭቶ ይነሳል፣ ኔትወርኩን እንደገና እፈልጋለሁ። መጋቢት 17 ቀን 2017 ማታ 27ኛው ሌሊት ነበር። ጁገል አልተኛም። ከየመስጊዱ የሚወጣው ድምፅ በጣራው ላይ ይገናኛል። እናቴ በቴሌቪዥን ኢማም ተከትላ አትሰግድም፤ የራሷን ሰላት ጨርሳ፣ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጥና የሐረሙ ኢማም ዱዓ ሲያደርጉ አሚን ትላለች። ያን ሌሊት ኢማሙ ድምፃቸው በለቅሶ ተቆራረጠ። እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ነበር። ምስሉ ቆመ። ነጩ ክብ መዞር ጀመረ።

ፎቅ ሮጥኩ። ጥቅሉ አልቋል። መሙላት ሞከርኩ፤ በዚያ ሌሊት ኔትወርኩ ተጨናንቆ ነው መሰለኝ እንቢ አለ። ስንት ደቂቃ እንደታገልኩ አላውቅም። ስወርድ እናቴ እጇን አላወረደችም። ክቡ እየዞረ ነው፣ እሷ እንደተቀመጠች፣ እጇ እንደተዘረጋ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ እጆቿን ፊቷ ላይ አበሰችና፣ ሳትቆጣ፣ «በዲሹ ጊዜ እንዲህ አይቆምም ነበር» አለች።

የምመልሰው አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ነግራኝ ነበር እኮ። «መካዬስ?» ብላኝ ነበር። ቴሌቪዥን አምጪልኝ አላለችም፤ በድምፅ የሚታዘዝ ነገርም አልጠየቀችም። የጠየቀችው የጠፋባትን እንድመልስላት ነው። እኔ ጥያቄዋን ወስጄ የራሴን መልስ ገዛሁበት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር እንደ ትምህርት ይዤዋለሁ፤ አንብቤያለሁ፣ ጠይቄያለሁ፣ ለክቻለሁ። ካወቅኋቸው ነገሮች የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ ስማርት ቲቪ ሁለት ዕቃ ነው፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው። ስክሪኑ በጥንቃቄ ከያዙት አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ዕድሜው የሚወሰነው ግን ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ በ2012 እና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት አቆመ። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኔትፍሊክስ በ2010 እና በ2011 የተሠሩ አንዳንድ የሳምሰንግ ሞዴሎችን ተወ። ስክሪኖቹ ደህና ነበሩ። በዚያው እኛ በጾምንበት ረመዳን፣ የካቲት 30 ቀን 2017፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን ሥራ አቆመ፤ ምክንያቱ ውስጡ የተቀመጠ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው ማለፉ ነበር። ጉግል ከቀናት በኋላ ማስተካከያ ላከ እንጂ ባለቤቶቹ ከመጠበቅ በቀር ብዙም ምርጫ አልነበራቸውም። ልዩነቱ ግን ትንሿ መሣሪያ ብትሞት ነቅለው ሌላ ይሰካሉ፤ 55 ኢንች ነቅለው አይጥሉም። ለዚህ ነው ዛሬ የሚጠይቀኝን ሰው፣ ያለህ ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው መጀመሪያ አንድሮይድ ቦክስ ተውሰህ አንድ ወር ሞክር የምለው። በዚያ ወር ስንት ጊጋ እንደበላህ ስልክህ ይነግርሃል። ከወሩ በኋላ አሁንም የምትፈልገው ከሆነ ትገዛለህ።

ሌላም አለ። እነዚህ ቴሌቪዥኖች የምናየውን መዝግበው ሊልኩ ይችላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ቪዚዮ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ከ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች የተመልካቾችን መረጃ ባለቤቶቹ ሳያውቁ በመሰብሰቡ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህን ሳነብ እናቴ እጇን ዘርግታ የተቀመጠችበት ቦታ ትዝ አለኝ። የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ገጽ በገጽ ፈልጌ፣ የምናየውን እንዲያጠና የሚፈቅደውን ነገር ሁሉ አጠፋሁ። ስገዛው፣ መጀመሪያ የበራ ቀን፣ ሁሉንም ሳላነብ «እስማማለሁ» ብዬ ነበር።

ስማርት ቲቪ አይረባም እያልኩ አይደለም። ያልተገደበ የቤት መስመር ያለው፣ የራሱን ፊልም በራሱ ሰዓት የሚያይ ሰው ቢገዛው አይቆጨውም። ከመምህራኖቻችን አንዷ ልጆቿን ታስጠናበታለች፣ ደስተኛ ናት። እኔም የትምህርት ቪዲዮ ትምህርት ቤት አውርጄ በፍላሽ አመጣና ለዘመዳችን ልጅ ከፍቼ አስረዳታለሁ። ፍላሹን ግን አሮጌው ቴሌቪዥናችንም ያነብ ነበር። አሮጌውን አዲሱ በገባ ሳምንት ሸጥነዋል።

ከኢዱ በኋላ ያሉትን ስድስት ቀናት እናቴ እንደ ልማዷ ጾመች። በከተማችን ከስድስቱ ቀን ጾም በኋላ ሸዋል ኢድ ይከበራል፤ በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓላችን ነው፤ ዘመድ የሚመጣበት፣ ቤት የሚታይበት። ያ የተላጠ ግድግዳ እንግዳ ሊያይ ነው። ልስን የሚያውቅ ሰው አስመጣሁና ቀዳዳዎቹን አስደፈንኩ፣ ቀለም ቀባሁት። ከፎቅ አንሶላውን አወረድኩ። ስፌቶቹን የምሰቅለው እኔ ነኝ አልኩ፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን አላውቅም ነበር። እናቴ ነደባው ላይ ተቀምጣ በጣቷ እያመለከተች «እሱ አይደለም፤ ከሱ በፊት ትንሹ» ትለኛለች። ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። ስለ እያንዳንዱ ስፌት አንድ አንድ ነገር ነገረችኝ። አንዱን የሰፋችው እኔ ታምሜ በተኛሁበት ክረምት ነው። ያን አላውቅም ነበር። ቴሌቪዥኑን ወደ ጎን፣ በመስኮቱ በኩል ወዳለው ጥግ ወሰድነው።

በማግስቱ የዲሽ ሠራተኛው መጣ፤ ሁለተኛ ዲሽ፣ ስዊች፣ 15 ሜትር ኬብል። እኔም አብሬው ጣራ ላይ ወጣሁ። የኢትዮሳቱ ዲሽ ሰማይ ለማየት የተጋደመ ያህል ቀና ብሎ ወደ ምሥራቅ ያያል። አዲሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ምዕራብ አዞረው። ስልኬ ላይ አንግሉን አስልቼ ነበር፤ ከአድማስ 33 ዲግሪ። ነገርኩት። ፈገግ ብሎ፣ ሳይለካ፣ በልምዱ አስቀመጠው፤ በአንድ ዲግሪ እንኳ አልተሳሳተም። ከዚያ በጣቱ ጫፍ፣ በፀጉር ልክ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሰው ጀመር። ከታች ከጊደር መጋላ የገበያው ድምፅ ይሰማል። እናቴ ሪሞቱን ይዛ ከሪሲቨሩ ፊት ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ነው።

«አሁንስ?» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ።

«የለም።»

ትንሽ ነካ አደረገው።

«አሁንስ ኡሚ?»

ዝም አለች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ልደግም ስል ድምፅዋ ከግቢው ወጣ፤ «አትንካው! በይው ልጄ፣ አይንካው! መጥቷል!»

ሠራተኛው እጁን ከዲሹ ላይ ሳያነሳ በሌላው እጁ ቁልፉን ፈለገ። አቀበልኩትና ብሎኑን አጠበቀው።